ዲስኩ ሳይሞት የሚቀበርበት ገበያ

ለአንድ ድርጅት የኮምፒዩተር ወጪ ተብሎ በመዝገብ የሚሰፍረው ማሽኑ የተገዛበት ዋጋ ነው። በመዝገብ የማይሰፍረው፣ ብዙውን ጊዜ ግን የሚከብደው ወጪ ማሽኑ ሥራ ያቆመበት ሰዓት ነው። የደንበኞች ሒሳብ፣ የመጋዘን ዝርዝርና የደመወዝ መክፈያ በአንድ ሰርቨር ላይ በሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት፣ ሰርቨሩ ድንገት ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሲቆም ገንዘብ ተቀባይዋም፣ የመጋዘን ኃላፊውም፣ ደጅ የሚጠብቀው ደንበኛም አብረው ይቆማሉ።

በዚህን ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ዲስኩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ አዲስ ዲስክ ይገዛል፤ ማሽኑ ሁለት ቀን ይሠራና እንደገና ሰማያዊ ይሆናል። ሁለተኛ ዲስክ ይታዘዛል።

ብዙ ዲስኮችን አጣምረው በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ይህ ሲደርስ ከዲስኩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ተጠርጣሪ አለ። እርሱም በዲስኮቹና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል የሚቆመው የኮንትሮለር ድራይቨር ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሆነ ፋይል ነው። እርሱን ሳይጠይቁ ዲስክ መቀየር ገንዘብ ከማባከን አልፎ ያልጠፋውን መረጃ እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

ከዋጋ ስሌት የተወለደ ሐሳብ

ዲስኮችን የማጣመር ሐሳብ ራሱ የመጣው ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አቀረቡ። በጊዜው ለትላልቅ ኮምፒዩተሮች የሚሠራው ዲስክ ግዙፍና ውድ ሲሆን፣ ለግል ኮምፒዩተር የሚሠራው ደግሞ ትንሽና ርካሽ ነበር። አጥኚዎቹ ርካሾቹን በብዛት አጣምሮ በውዱ ፋንታ ማሠራት እንደሚቻል አሳዩ። አንድ ችግር ግን ነበር። ዲስክ በበዛ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል። መፍትሔው መረጃውን ደግሞ ማስቀመጥ ወይም የጠፋውን መልሶ ለማስላት የሚያስችል ተጨማሪ መረጃ በየዲስኩ መጻፍ ሆነ።

ይህ አሠራር «ሬይድ» ተብሎ ተጠራ። በመጀመሪያው ስሙ ውስጥ «ርካሽ» የሚል ቃል ነበረበት። ውሎ አድሮ ግን ቃሉ «ራሱን የቻለ» በሚል ተተካ። ዕቃውን በውድ ለሚሸጥ ነጋዴ «ርካሽ» የሚለው ስም እንደማይመች ግልጽ ነው።

ለገዢው ነገሩ እንደ መድን ነው። ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስኮችን እንደ መስታወት አጣምሮ የሚያሠራ ድርጅት የሁለት ዲስክ ዋጋ ከፍሎ የሚያገኘው ቦታ 1 ቴራባይት ብቻ ነው። የቀረው የመድን አረቦን ነው። መድኑ የሚሸፍነው ግን አንድን አደጋ ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ ዲስክ መበላሸት። በስሕተት የተሰረዘን ፋይል፣ ቫይረስን፣ ሌባን ወይም የድራይቨር ስሕተትን አይሸፍንም። «ሬይድ ስላለን ባክአፕ አያስፈልገንም» የሚል ድርጅት ለእሳት የገባውን መድን ለጎርፍም ያገለግለኛል ብሎ እንደሚተኛ ነጋዴ ነው።

አስተርጓሚው ሲሳሳት

የተጣመሩትን ዲስኮች የሚያዘው ኮንትሮለር የሚባለው ክፍል ነው። አንዳንዱ ራሱን የቻለ ካርድ ሲሆን፣ አንዳንዱ በማዘርቦርዱ ላይ አብሮ የተሠራ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የኮንትሮለሩን ቋንቋ አያውቅም። የሁለቱ አስተርጓሚ ድራይቨሩ ነው። «ይህን ጻፍ፤ ያንን አንብብ» የሚለው እያንዳንዱ ትዕዛዝ በእርሱ በኩል ያልፋል።

አስተርጓሚው የሚሠራው ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል። በከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲሳሳት ግን የሌላውን ሁሉ ማስታወሻ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ዊንዶውስ የተበላሸ መረጃ ወደ ዲስክ ከመጻፍ ራሱን ማቆምን ይመርጣል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ሰማያዊ ስክሪን እንግዲህ ፍሬን ነው። ፍሬን በመያዙ አሽከርካሪው መናደድ የለበትም፤ ለምን እንደተያዘ መጠየቅ ግን አለበት።

ድራይቨሮች የቆየ ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ በሊነክስ ላይ የተደረገ ጥናት በድራይቨሮች ውስጥ ያለው የስሕተት መጠን ከቀሪው ከርነል ከ3 እስከ 7 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ በወቅቱ ሪፖርት ከተደረጉት ውድቀቶች 85 ከመቶው የድራይቨር መሆናቸውን ጠቅሷል። አኃዙ የሁሉንም ዓይነት ድራይቨሮች እንጂ የዲስክን ብቻ አይመለከትም፤ ዘመኑም አልፏል። አደጋው ግን አላለፈም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ የላከውን ማሻሻያ የኩባንያው ድራይቨር ሲያነብ ተሳስቶ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ቆመዋል። በዚያን ዕለት አንድም ዲስክ መግዛት አላስፈለገም ነበር።

ስክሪኑ ምን ይላል?

ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ሳይሆን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። በላዩ የሚታየው የስሕተት ስም ወይም ቁጥር የምርመራው መነሻ ነው።

ቁጥሩ በ7ቢ የሚያልቅ ከሆነ ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። በዲ1 የሚያልቅ ከሆነ አንድ ድራይቨር በዚያ ሰዓት ሊነካው የማይገባውን የማስታወሻ አድራሻ ነክቷል። 9ኤፍ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሲተኛ ወይም ሲነቃ አንድ ድራይቨር የኃይል ለውጡን ሳይጨርስ ቀርቷል።

ሁለተኛው ምስክር የዊንዶውስ የክንውን መዝገብ ነው። እዚያ ውስጥ ከዲስክ ጋር የተያያዘ 7 ቁጥር ከተደጋገመ ዲስኩ ራሱ የተበላሸ ቦታ አለው ማለት ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ያመዝናል። 129 ቁጥር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ትዕዛዝ ተልኮ በጊዜው መልስ ስላልመጣ ሲስተሙ መሣሪያውን እንደ አዲስ አስነስቷል ማለት ነው። ዝም ያለው ዲስኩ፣ ኬብሉ፣ ኮንትሮለሩ ወይም ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። አራት ተጠርጣሪ ባለበት ጉዳይ በጣም ውዱን ብቻ ይዞ ማሰር ፍትሕ አይሆንም።

ሦስተኛው ምስክር ዊንዶውስ በወደቀ ቁጥር የሚያስቀምጠው ትንሽ የውድቀት ፋይል ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ሥር «ሚኒደምፕ» በሚባል ቦታ ይገኛል። ማይክሮሶፍት በነፃ በሚሰጠው «ዊንዲቢጂ» በተባለ መሣሪያ ሲከፈት፣ በውድቀቱ ሰዓት ሥራ ላይ የነበረውን ፋይል ስም ያሳያል። ስሙ የተጠራ ሁሉ ግን ወንጀለኛ አይደለም። የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ተበላሽቶ ጦሱ በድራይቨሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከአንድ ፋይል ይልቅ ሦስት አራት የውድቀት ፋይሎችን ማየት የሚመከረውም ለዚህ ነው። በሁሉም ላይ የዲስክ ኮንትሮለሩ ድራይቨር ስም ከተደጋገመ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ በየጊዜው ስሙ ከተለዋወጠ ደግሞ ሜሞሪውን መመርመር ይገባል።

መመለስ የሚቻለውን አስቀድሞ

የጥገናው ቅደም ተከተል በአንድ የምጣኔ ሀብት ደንብ ሊጠቃለል ይችላል። ርካሽ የሆነውንና መመለስ የሚቻለውን አስቀድሞ፣ ውድ የሆነውንና መመለስ የማይቻለውን መጨረሻ ማድረግ ነው።

ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን የሚነሳ ከሆነ ቀዳሚው ሥራ አስፈላጊውን መረጃ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ከዚያ በፊት ምንም ነገር መነካት የለበትም። ቀጥሎ «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ?» ተብሎ ይጠየቃል። የዊንዶውስ ማሻሻያ ገብቶ ይሆናል፤ ሜሞሪ ተጨምሮ ይሆናል፤ ድራይቨር ተቀይሮ ይሆናል። ችግሩ የድራይቨር ማሻሻያ ከገባ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ዊንዶውስ በዲቫይስ ማኔጀር በኩል ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለሻ አለው። አሮጌ ድራይቨር ላይ የቆየ ማሽን ከሆነ ደግሞ አዲሱን ማስገባት ይሞከራል። ፋይሉ የሚወሰደው ከኮምፒዩተሩ ወይም ከኮንትሮለሩ አምራች ሲሆን፣ ለሞዴሉ የተዘጋጀ መሆኑ ይረጋገጣል። «ሁሉንም ድራይቨር እናገኝልዎታለን» የሚሉ መሰብሰቢያዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

በኮንትሮለሩ ውስጥ የሚኖር ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌርም አለ። ድራይቨሩና ፈርምዌሩ እንደ በሬ ጥማድ ናቸው። አንዱን አዲስ አድርጎ ሌላውን የስድስት ዓመት አሮጌ መተው መጎተትን ያመጣል። አምራቾች የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በማሻሻያ ማስታወሻቸው ላይ ስለሚጽፉ ያንን ማንበብ ግድ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥም ሌላው ደንብ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ድራይቨር፣ ኬብልና ሜሞሪ የቀየረ ቴክኒሺያን ማሽኑ ቢድንም እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሦስቱንም እንደገና ያስከፍላል።

በጣም ትንሿ ተጠርጣሪ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ናት። ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲለያይ የባዮሱን ማስተካከያ የምትጠብቀው እርሷ ናት። ዓመታት አልፈው ባትሪዋ ስትደክምና መብራት ሲጠፋ፣ ማስተካከያው ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ሁኔታ ሊመለስ ይችላል። ሬይዱ በማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ከሆነ፣ ባዮሱ «ሬይድ» የሚለውን ትቶ «ኤኤችሲአይ» ወደሚባለው ተራ አሠራር ይዞራል። ዊንዶውስም የለመደውን በር ስለሚያጣ 7ቢን አሳይቶ ይቆማል። ዲስኮቹ ሁሉ ጤነኛ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የጥምረቱ ዝርዝር በዲስኮቹ ላይ ስለሚጻፍ፣ ባትሪዋን ቀይሮ ባዮሱን ወደ «ሬይድ» መመለስ ማሽኑን ያስነሳዋል።

የሚያሳዝነው ፍጻሜ የሚመጣው ይህ ሳይታሰብ «ዊንዶውስ እንጫንበት» ሲባል ነው። በጥምረት ይሠራ ከነበረ ዲስክ በአንዱ ላይ አዲስ ሲስተም ሲጫን፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዲት ፊደል ያልጎደለበት መረጃ ይፈርሳል። ፎርማት ማድረግ፣ ጥምረቱን እንደ አዲስ መፍጠርና «ኢኒሺያላይዝ» የሚለውን መጫን የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች የሚሆኑት ለዚህ ነው። ባክአፕ በሌለበት ደግሞ ጭራሹን የማይነኩ ናቸው።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች

ነገሩ የትንሽ መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ከ15.1.0.1002 እስከ 15.5.2.1053 ያለ ቁጥር የያዙ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ቴክኖሎጂ ድራይቨሮች በዚያ ዓመት ከወጣው የዊንዶውስ 10 የግንቦት ማሻሻያ ጋር እንደማይስማሙ አስታወቁ። ማይክሮሶፍት ድራይቨሮቹ ያሉባቸው ኮምፒዩተሮች ማሻሻያውን እንዳያገኙ አገደ። መድኃኒቱ 15.5.2.1054 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ድራይቨር መጫን ነበር። በሽታና መድኃኒት የተለያዩት በቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ፣ በ3 እና በ4 ብቻ ነበር ማለት ነው። የድራይቨሩን ቁጥር ጽፎ መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሁለተኛው ጉዳይ በዚያው ዓመት ኅዳር የተሰማው ነው። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ አንዳንድ ለሰርቨር የሚሸጣቸው ኤስኤስዲ ዲስኮች ከ32,768 ሰዓት ሥራ በኋላ እንደሚሞቱ አስታወቀ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ጥፋቱ የፈርምዌር ሲሆን መፍትሔውም የፈርምዌር ማሻሻያ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ግን ዲስኩም መረጃውም አይመለሱም። አንድ ድርጅት ዲስኮቹን በአንድ ቀን ገዝቶ በአንድ ቀን ካስነሳቸው ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቆማሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል ብሎ የተሠራው መድን እዚህ ላይ አይሠራም። ማሻሻያውን በወቅቱ ያስገባ ደንበኛ ከዚህ የተረፈው አንዲት ማስታወቂያ በማንበብ ነው።

ወላጅ አልባ ድራይቨር

ከቴክኒኩ ጀርባ የገበያው ታሪክ አለ። በሬይድ ካርዶቹ ስም አትርፎ የነበረው ስሪዌር እ.ኤ.አ. በ2004 ለኤኤምሲሲ ተሸጠ። በ2009 ይኸው ሥራ ወደ ኤልኤስአይ ተዛወረ። ኤልኤስአይን በ2014 አቫጎ በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። አቫጎ ደግሞ በ2016 ብሮድኮምን ገዝቶ ስሙን ወሰደ። በ12 ዓመት ውስጥ አንዱ ካርድ አራት ጌታ ለወጠ ማለት ነው። ሌላው የታወቀ ስም አዳፕቴክም በፒኤምሲ ሲየራና በማይክሮሴሚ እጅ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮቺፕ ዘንድ ደርሷል።

ኩባንያ ሲሸጥ ካርዱ መሥራቱን አያቆምም። የሚያቆመው ድራይቨሩን የሚጽፈው ሰው ነው። አዲሱ ባለቤት ትርፍ የሚያገኘው ከአዲስ ካርድ እንጂ ለአሮጌው በነፃ ከሚሠራው ድራይቨር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 8 የስሪዌርን ጨምሮ የብዙ አሮጌ ኮንትሮለሮችን ድራይቨሮች አስወጥቷል። በ2020 የወጣው የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ 7 ደግሞ በቀድሞው የሊነክስ ድራይቨር ስልት ብቻ ይሠሩ የነበሩ ካርዶችን መቀበል አቁሟል። ካርዱ ሳይበላሽ፣ መብራቱ እየበራ ገበያው ሞት ይፈርድበታል።

ያገለገለ ሰርቨር በቅናሽ የሚገዛ ነጋዴ ይህንን ማወቅ ይኖርበታል። ዋጋው የወረደው ብረቱ ስላረጀ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የድራይቨሩ ዕድሜ ስላለቀም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማሽን የገዛ ሁለት ምርጫ ይኖረዋል። አንዱ የጥበቃ ማሻሻያ የማይደርሰው አሮጌ ሲስተም ላይ መቆየት ነው። ሌላው ለሌላ ካርድ የተጻፈ ተቀራራቢ ድራይቨር ሞክሮ ሰማያዊውን ስክሪን መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በሊነክስ፣ በዊንዶውስ ስቶሬጅ ስፔስስ ወይም በዜድኤፍኤስ አማካይነት ዲስኮችን ያለ ልዩ ካርድ በሶፍትዌር ማጣመር ይቻላል። እንዲህ የተጣመሩ ዲስኮች ካርድ ቢጠፋም ሶፍትዌሩን በያዘ ሌላ ማሽን ላይ ሊነበቡ ይችላሉ። በአንጻሩ ጥሩ ካርድ በባትሪ የተጠበቀ የራሱ ማስታወሻ ስላለው፣ መብራት ሲጠፋ ያልተጻፈውን መረጃ ይዞ ይቆያል። ምርጫው በፍጥነትና በነፃነት መካከል ነው።

ከፊርማው በፊት

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 15 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት እንበል፤ የአንዱ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ለድርጅቱ 200 ብር ያወጣል እንበል። ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር በሰዓት 3,000 ብር፣ በሁለት የሥራ ቀን 48,000 ብር ያለ ሥራ ይከፈላል። የጠፋው ሽያጭና የተቆጣው ደንበኛ ገና አልተቆጠሩም። ከዚህ ጎን ሲታይ ድራይቨር ለመፈተሽ የሚወስደው የአንድ ሰዓት የቴክኒሺያን ክፍያ ኢምንት ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ከዋጋው ጎን አራት ጥያቄዎች ቢጻፉ ይበጃል። አምራቹ ለዚህ ኮንትሮለር እስከ መቼ ድራይቨር ያወጣል? ካርዱ ቢበላሽ ተመሳሳዩ ከየት ይገኛል? የድራይቨሩና የፈርምዌሩ ቁጥር በርክክብ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል? የባዮሱን ማስተካከያ የሚያሳይ ፎቶ ለገዢው ይሰጣል? አራቱንም ለመመለስ ሻጩ የሚያወጣው ገንዘብ የለም። መመለስ ያልፈለገ ሻጭ ግን የሚሸጠው ብረት ብቻ እንደሆነ በራሱ አፍ ተናግሯል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። ወረቀቱ በሰርቨሩ ላይ ተለጥፎ ቢቀመጥ፣ ሰማያዊው ስክሪን በመጣ ጊዜ ቴክኒሺያኑ ወደ ዲስክ ሻጭ ከመደወሉ በፊት የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።